ለዲኤክሷ የመረጥኩት ቀይ አሞርዛተር

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እስከ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚህ የባሰ ያየ ሰው ብዙ ነው። በዚያ ላይ ነገሩ ስለ አሞርዛተር፣ የመኪናን ዝላይ ስለሚያበርደው ዕቃ ነው፤ ስለ አሞርዛተር ማን ትዝታ ይጽፋል? ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴ ናሆም በር ላይ አስቆመኝ። ናሆም ባንክ የሚሠራ ጨዋ ወጣት ነው። ትንሽ መኪና አለችው፤ በሥራ ቀን ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስባታል፣ አንዳንድ እሁድ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሜዳ ላይ ይወዳደርባታል። ስልኩን አውጥቶ ሁለት ፎቶ አሳየኝ። ሁለቱም ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ የተገጠመበት፣ ከፍታውም ጥንካሬውም በእጅ የሚስተካከል ዕቃ ነው።

«ጋሼ፣ ለከተማም ለውድድርም የሚሆነኝ የቱ ነው? እርስዎ መሐንዲስ ነዎት፤ እርስዎ ያሉኝን ነው የማዝዘው» አለኝ።

ከሁለቱ አንዱ ቀይ ነበር። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬው ወደ ቤት ገባሁ፤ እራትም አልበላሁ። ሚስቴ አሞህ ነው ወይ ስትለኝ ዲኤክሷን አስታውሼ ነው አልኳት። ታሪኩን ታውቃለች።

በ2001 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ጓደኞቼ ወደ መቀሌና ወደ ጅማ ሲመደቡ እኔን ዕጣው እዚያው ሶዶ፣ ከእናቴ ቤት በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ጣለኝ። የተመደብኩት ቴክኖሎጂ ነው። ስሜ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ እናቴ «ኤርሚያስ» ማለት ትታ «ኢንጂነር» ትለኝ ጀመር። ጎረቤት ከእሷ ተቀበለ። ሬዲዮው ዝም ያለበት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው ያልሞቀለት ሁሉ «ለኢንጂነር አሳዩት» እያለ ይዞ ይመጣል። እኔም አልመልስም። እከፍተዋለሁ፣ አቧራውን እፍ እላለሁ፣ እገጥመዋለሁ፤ አንዳንዴ እግዜር ሲረዳኝ ይሠራል። በዚያ ዓመት የተማርኩት ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሲቪክስና በእርሳስ የማሽን ሥዕል መሳል ነበር። ቁልፍ ይዤ አንድ ቡሎን ፈትቼ አላውቅም።

ወንድሜ ዳና በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል ትቶ የመኪና ረዳት ሆነ፤ ቀጥሎ ሹፌር፤ በመጨረሻ በስንት ድካም አሮጌዋን ዲኤክስ መኪና ገዛ። በሳምንት ስድስት ቀን ሰው እየጫነ ከሶዶ ወደ ኦፋ ወረዳዋ ከተማ ገሱባ ይመላለስባታል። የኦፋን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ በበልግና በክረምት ቀዩ ጭቃ ጎማውን ይዞ አይለቅም። ዳና አምስት ሰው በምትይዘው መኪና ስምንት ሰው፣ ሁለት ዶሮና አንድ ኬሻ ጎዳሬ ጭኖ ሲመለስ ወገቡ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ይሆናል። ማታ መሬት ላይ በሆዱ ይተኛል፤ እናቴ በጨርቅ የተቋጠረ የሞቀ ጨው ታስይዘዋለች። ሐኪም «ወይ መንገዱን ተው፣ ወይ መኪናህን አለስልሳት» ብሎታል። መንገዱን ቢተው የምንበላው የለንም። እኔንም፣ እናቴንም፣ ቤቱንም ያቆመው ያ ወገብ ነበር።

ዳና ግን አንድ ሌላ ነገርም ነበረው። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ የከተማው ሹፌሮች በአሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ይወዳደራሉ። በሌላው ጊዜ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው፤ የዚያን ቀን በአሮጌ ጎማና በባሕር ዛፍ አጣና ዙሪያውን ያጥሩና መሽከርከሪያ ያደርጉታል። ባለፈው ዓመት ዳና በመጠምዘዣው ላይ ዲኤክሷ ተዘንብላ ልትገለበጥ ስትል ፍሬን ይዞ መጨረሻ ወጥቷል። ከአርባ ምንጭ የመጣ አንድ ሹፌር «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ ታንኳ ናት፤ አባያ ሐይቅ ላይ ብታንሳፍፋት ዓሣ ታመጣልህ ነበር» ብሎ ሕዝቡን አሳቀበት። ዳና በስድብ የሚያቄም ሰው አልነበረም፤ ይህችን ግን አልረሳትም።

እንግዲህ ወደ ነጋዴው ወደ ከድር ሱቅ ሁለት ካርቶን «የሚስተካከል አሞርዛተር» መጣ የሚል ወሬ ሲሰማ ሁለቱ ችግሮቹ ባንድ ዕቃ የሚፈቱ መሰለው። ለሜዳው ዝቅና ጠንከር፣ ለገሱባ ከፍና ለስለስ። «ኤርሚ፣ ነገ ክፍል አለህ?» አለኝ። አለኝ። «ከሰዓት?» የለኝም። «እንግዲያው አብረኸኝ ትመጣለህ፤ አንተ ሳታይ አልገዛም» አለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከድር አባቱ ከስልጤ ጨው ይዞ መጥቶ ሶዶ የቀረ የመለዋወጫ ነጋዴ ነው። ሱቁ የዘይትና የአዲስ ጎማ ሽታ ነበረው። ስንደርስ ጋሽ በዛብህ ቀድሞ ቁጢጥ ብሏል። ጋሽ በዛብህ የዲኤክሷ መካኒክ ነው፤ አያቱ ከሸዋ በሹመት መጥተው እዚሁ ተቀብረዋል፣ እሱ ግን በወላይትኛ ከእኔ በተሻለ ይተርባል። ከድር ዕቃዎቹን መደብ ላይ ዘረጋቸው። አንዱ ጥቁር፣ ረጅም፣ ሞላው ቀጠን ያለ፣ ቀለሙ የተፋፋቀ። ሌላው ቀይ፣ አጭር፣ ሞላው የወፈረ፣ ፊት የሚያሳይ።

«ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው» አለ ከድር። «ይህን ቀለበት ስታዞረው መኪናው ከፍ ዝቅ ይላል። አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽዋን ስታዞራት ይጠነክራል፣ ይለሰልሳል። ከዚህ በላይ ወላሂ አላውቅም፤ እኔ ሻጭ ነኝ።»

ጋሽ በዛብህ የሁለቱንም ዘንግ እስከ ጫፍ ሳበና በእጁ ለካ። ከዚያ ዳናን ቀና ብሎ አየው።

«ጥቁሩ ስንዝር ከአራት ጣት ይሄዳል። ቀዩ ስንዝርም አይሞላ። አንተ ስድስት ቀን ገሱባ ነህ፣ አንድ ቀን ሜዳ። ጥቁሩን ያዝ።»

ዳና ወደ እኔ ዞረ። «ኢንጂነር፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

በሱቁ ውስጥ አራት አምስት ሰው ነበር፤ ሁሉም አየኝ። በዚያ ሳምንት ከቤተ መጻሕፍት አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብቤ ነበር። አንድ ገጽ ገብቶኛል፤ የቀረው አልገባኝም። የገባኝን አንድ ገጽ ተናገርኩ።

«የክብደት ማዕከሉ ዝቅ ሲል መኪና በመጠምዘዣ አይዘነበልም። ቀዩ ይሻላል። ገሱባ ሲሄድ ደግሞ ቀለበቱን ከፍ ማድረግ ነው፤ የሚስተካከል ነው እኮ።»

«ልጄ» አለ ጋሽ በዛብህ ቀስ ብሎ፣ «ቀለበቱ መኪናውን ያነሳዋል እንጂ ዘንጉን አያስረዝመውም።»

ነገሩን አሰብኩት። ልክ እንደሆነ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም፤ ግን ልክ ሊሆን እንደሚችል ገባኝ። ያኔ «እሱስ እውነት ነው፣ እኔ አላውቅም» ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ሱቅ ውስጥ ባለቀ ነበር። ዳና ግን በኩራት እያየኝ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ በሕይወቴ ዳናን የማስደስትበት ሌላ ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

«ጋሽ በዛብህ፣ እሱ የድሮ አሠራር ነው» አልኩ።

ሰዎቹ ሳቁ። «ጉድ ነው፣ በዛብህ ዛሬ ተማረ!» አለ አንዱ። ጋሽ በዛብህ እጁን በጨርቅ ጠረገና «እሺ፤ ዕቃው የናንተ ነው» ብሎ ተነሳ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ተገኘ፤ ጽሑፉ ጃፓንኛ ይሁን ቻይንኛ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዲት ሥዕልና ሁለት ቀስት አለበት። «ይነበባል?» አለኝ ዳና። «ገብቶኛል» አልኩት።

ጋሽ በዛብህ ቂም ሳይዝ አራቱንም ገጠመ። ቀለበቱን ዝቅ ያደረግኩትና የላይዋን ትንሿን መቆጣጠሪያ ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም እንዲነካ አልፈቀድኩም። እሁድ ሜዳው ላይ ዲኤክሷ መሬት ለመሬት ሄደች። ዳና ሁለተኛ ወጣ። ያ የአርባ ምንጩ ሹፌር ራሱ መጥቶ እጁን ጨበጠው። ሰው እኔንም ትከሻው ላይ አወጣኝ፤ «ኢንጂነር! ኢንጂነር!» ይላል። እናቴ ነጠላዋን እያውለበለበች እልል ስትል ከላይ ሆኜ አየኋት። የዚያን ቀን ደስታ ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል፤ ደስታው ግን ውሸት አልነበረም።

ሰኞ ማለዳ ቀለበቱን እንደ ማጭድ በተቆለመመው ቁልፍ እስከ ጫፍ አወጣሁት፤ የላይዋን ትንሿንም ያለሰልሳል ወዳልኩት ወገን አዞርኳት። ዲኤክሷ እንደ አውራ ዶሮ ደረቷን ነፍታ ቆመች። ጋሽ በዛብህ ሲያልፍ ጠራነው። መኪና የሚፈትንበት ልማድ አለው፤ በኮፈኑ ጥግ ላይ በሙሉ ክብደቱ ተጭኖ ይለቃል፣ አንዴ ወርዶ አንዴ ወጥቶ ዝም ካለ ደህና ነው። ተጫነ። አልወረደችም። እንደገና ተጫነ።

«ይህ ግንድ ነው» አለ።

«አዲስ ስለሆነ ይሆናል፤ ይላመዳል» አለ ዳና፤ ወደ እኔም አየ።

«አዎ፣ ይላመዳል» አልኩ።

የዚያን ቀን ዳና ከገሱባ ሲመለስ ምሳውን ሳይነካ መሬት ላይ ተዘረጋ። አንዲት ባልቴት መንገድ ላይ «ልጄ፣ ይህ መኪና ነው ወይስ ሙቀጫ?» እንዳለችው ነገረንና ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ወገቡ ላይ ሲደርስ ቆመ። እናቴ ጨው ልታሞቅ ወጣች። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኤርሚ፣ ነገ ገበያ ነው፤ ሰው ብዙ ነው። አብረኸኝ ናና ድምፁን ስማው፤ እያየህ አስተካክልልኝ» አለኝ። ልመና ነበር። ዳና እኔን ለምኖ አያውቅም።

ማክሰኞ ገና ሲነጋ፣ ተሳፋሪ ከገሱባ ልናነሳ ባዶ መኪና ይዘን ወጣን። የዳሞት ተራራ ግማሹ በደመና ተሸፍኗል፤ ሌሊቱን በልግ ሲዘንብ አድሮ እንሰቱ ሁሉ ታጥቦ ያበራል። እናቴ የተቀቀለ ጎዳሬና በትንሽ ዕቃ የቃሪያ ዳጣ ሰጥታን ነበር። ጎዳሬውን ዳጣ ውስጥ ላጠቅስ ስል መኪናዋ ትዘላለች፣ ዳጣው ጉልበቴ ላይ ይፈሳል። ዳና መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ በየጉድጓዱ ትንፋሹን ይይዛል። ሁለት ጊዜ አስቁሜ ወረድኩ። ኮፈኑን ከፍቼ የፊቶቹን፣ የሻንጣውን ክዳን ከፍቼ የኋላዎቹን አዞርኩ። መጀመሪያ ወደ ቀኝ፤ ሲብስ ወደ ግራ። የትኛው ወገን እንደሚያለሰልስ አላውቅም ነበር። «አሁንስ?» እለዋለሁ። «ትንሽ ተሻለ» ይለኛል። አልተሻለም። እሱም እኔን ላለማሳፈር ይዋሻል፣ እኔም እሱን ላለማሳዘን።

ገሱባ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ዝናቡ መንገዱን በአግድም ሰንጥቆት ነበር። ብዙ ፍጥነት አልነበረንም። የፊት ጎማዎቹ ገቡ፤ ዘንጉ ሄዶ ሄዶ መሄጃ አጣ፤ ብረት ከብረት ጋር ተገጫጨ። ዳና አልጮኸም። «እህ» ብቻ አለ፤ እጆቹ ከመሪው ላይ ወደቁ። መኪናዋ ከታች ድንጋይ መትቷት ዘይቷን እያፈሰሰች ከመንገዱ ጠርዝ ቆመች።

«ኢሻ! ወንድሜ!» አልኩ።

«ኤርሚ፣ እግሬ የታለ?» አለኝ።

እግሩ እዚያው ፍሬኑ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ስህተት ነው። በሩን ከፍቼ ብብቱ ሥር ይዤ ልጎትተው ጀመርኩ። ቅቤዋን በቅል ይዛ ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት ከሩቅ «አትንካው! አንተ ልጅ፣ አትንካው!» ብላ ጮኸች። ቅሉን መሬት አስቀምጣ እየሮጠች መጥታ እጄን መታችኝ። የእሷን ጩኸት ሰምቶ ከየእንሰቱ መሃል ሰው ወጣ። ከጤና ኬላው አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተጠርታ መጣች። ጫማውን አውልቃ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጨበጠችና «ይሰማሃል?» አለችው። «አይሰማኝም» አለ። ሌላውን እግር ያዘች። «ይሄስ?» አይሰማኝም። ሽንኩርት የጫነ መኪና ወደ ሶዶ ሲመለስ ሹፌሩ «ከኋላ ላጋድመው» አለ። ልጅቷ መንገዱን አየች፣ ወንድሜን አየች። «በዚህ መንገድ እየተናጠ ከሄደ...» አለችና አልጨረሰችውም።

በዚያ አካባቢ ሕመምተኛ የሚያወጣ እድር አለ። ቃሬዛው የጋራ ነው፤ ሁለት አጣና በቃጫ ገመድ የተጠለፈ። የሚመሩት ሽማግሌ አቶ ላሊሶ ይባላሉ። መሬት ላይ ያለውን ወንድሜን አንድ ጊዜ አይተው ሰዎቹን በትከሻቸው ልክ ያቆሟቸው ጀመር። ረጅሙን ከረጅም፣ አጭሩን ከአጭር። «ቁልቁለት ነው የምንጀምረው፤ ረጅሞቹ ከፊት። አንተ ጎበጥ ትላለህ፣ ወደ ዳገቱ ስንደርስ ትገባለህ።» ሰሌን አንጥፈው፣ ጨርቅ ጠቅልለው በወገቡ ግራና ቀኝ ወትፈው፣ ስምንት ሰው ሆነው ሳይታጠፍ አነሱት።

እኔ ሮጬ አጣናውን ያዝኩ።

«አንተ ማን ነህ?» አሉ አቶ ላሊሶ።

«ወንድሙ ነኝ።»

«እንግዲያው ልቀቅና ከኋላ ተከተል። ዘመድ አይሸከምም። ዘመድ ይቸኩላል፤ የቸኮለ ሰው ሕመምተኛ ያንገላታል።»

«እባክዎ አባቴ፣ እኔ ነኝ...»

ዳና ከቃሬዛው ላይ ዓይኑን ሳይከፍት «ኢንጂነር ነው» አለ። ማገዙ ነበር።

«ይሁና» አሉ ሽማግሌው፤ «ኢንጂነርም ቢሆን ዘመድ ነው። ከኋላ።»

ከኋላ ተከተልኩ። ያን ቀን የተጓዝነውን ያህል ረጅም መንገድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሄጄ አላውቅም። ተሸካሚዎቹ ጉልበታቸውን ለቀቅ አድርገው፣ እግራቸውን ሳያነሱ እንደመጎተት እያሉ ይሄዳሉ። ጉድጓድ ሲመጣ የፊቱ ሰው «ቀኝ ዝቅ» ይላል፣ በግራ ያሉት ባሉበት ቀስ ብለው ጉልበታቸውን ያጥፋሉ፤ ቃሬዛው ግን እንደ ውሃ ልክ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ሲደክማቸው አይቆሙም፤ ተተኪው ከኋላ በአጣናው ሥር ይገባል፣ የደከመው በጎን ይወጣል። የአንዱ ቀበሌ ወሰን ላይ ስንደርስ የሚቀጥለው ቀበሌ ሰዎች ወሬው ቀድሞን ደርሷቸው ተሰልፈው ይጠብቁናል። ቃሬዛውን መሬት ሳያስነኩ ከትከሻ ወደ ትከሻ ተቀባበሉት። እንዲህ እየሆነ አራት ጊዜ ተቀያየሩ። ዘነበ፣ አባራ፣ እንደገና ዘነበ። አንዲት እናት ትኩስ ስኳር ድንች በሰፌድ ይዛ እየሮጠች ለተሸካሚዎቹ አቀበለች፤ ለእኔም ሰጠችኝ። በእጄ ይዤው ሄድኩ፤ እዚያው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ልረዳ የምችለው አንድም ነገር አልነበረም። ውሃ ላቀብል ብል ሌላ ሰው ቀድሞኛል። ሰው ለማስደሰት የኖርኩ ልጅ ነኝ፤ የዚያን ቀን ማንም ከእኔ ምንም አልፈለገም። ከኋላ ሆኜ የምሰማው የዳናን ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ሲጠፋብኝ ሞተ እላለሁ፣ ሲመለስ አምላኬን እለምናለሁ። እግሩን መልስለትና የእኔን ውሰድ እያልኩ ተሳልኩ። አንድ ጊዜ «ኤርሚ አለህ?» አለ። «አለሁ» አልኩ። «ክፍል ቀረህ» አለኝ።

ለሶዶ ቅርብ፣ መንገዱ ከተደለደለበት ላይ የሆስፒታል መኪና ተቀበለን። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሰዎቹ ቃሬዛቸውን ተሸክመው፣ ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቃቸው፣ በመጡበት ተመለሱ።

ሐኪሞቹ የወገቡ አጥንት ተሰንጥቋል፣ ነርቩም ተጨፍልቋል አሉ። ይድናል ወይ ስንላቸው «እናያለን» አሉ። ይህን «እናያለን» ለሳምንታት ሰማነው። ዳና ጠንካራ ሰሌዳ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ጣሪያ ያያል። ጠያቂ ሲመጣ እናቴ እግሩ ሥር ተቀምጣ አንድ ነገር ትደጋግም ነበር። «ኢንጂነሩ አብሮት ባይሆን ኖሮ መኪናዋ ገደል ትገባ ነበር። ይሄ ልጄ ነው ያተረፈው።» ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ይመርቀኛል። እኔ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ከዚያ ምርቃት ስድብ በቀለለኝ ነበር።

ጋሽ በዛብህ ዲኤክሷን አስጎትቶ አምጥቶ ቀዮቹን ፈታቸው። ጋራዡ ድረስ ሄድኩ። አንዱን አንስቶ በዘይት በጠቆረ ጣቱ አናቱን አሳየኝ። «ለስላሳ ላይ ነው ያልካት መጨረሻ ጥንካሬ ላይ ነች» አለኝ። «አራቱም።» ቀና ብሎ ጓሮውን አየና፣ ሠራተኞቹ ሩቅ መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ መልሶ አስቀመጠው። ለማንም አልተናገረም፤ እስኪሞት ድረስ አልተናገረም።

«ለዳና ልንገረው?» አልኩት።

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ» አለ። «ቢሆንም ያ ልጅ ጣሪያ ላይ ምን ሲፈልግ እንደሚውል አስብ። የትኛው ጉድጓድ ነው የገደለኝ እያለ ነው።»

በማግስቱ እናቴ ልብስ ልታጥብ ወደ ቤት ስትሄድ ነገርኩት። ወረቀቱን ማንበብ እንዳልቻልኩ፣ ያ አንድ ገጽ ብቻ እንደገባኝ፣ ጋሽ በዛብህ ሲናገር ልክ ሳይሆን እንደማይቀር ጠርጥሬ እንደነበር። ሁሉንም። ዳና ጣሪያውን እያየ ሰማኝ።

«ብለኸኝ ቢሆን ጥቁሩን እገዛ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አላውቅም ብትለኝ ምን የምልህ መስሎህ ነው?»

እጁን ያዝኩት፤ አልነጠቀኝም፣ አልጨበጠኝምም። በመጨረሻ «ሂድ። ፈተና አለህ» አለኝና ዓይኑን ጨፈነ።

ፈተናውን ተፈተንኩ፤ ወደቅኩም፣ ተነሳሁም። ከሆስፒታል ወደ ቤት ካመጣነው በኋላ ክረምቱን ሙሉ በየጠዋቱ እግሩን አሸው፣ አጥፈው፣ እዘረጋው ነበር። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገርንም። ስለ ሌላውም ነገር ብዙ አልተነጋገርንም። መስከረም ሲጠባ አንድ ጠዋት የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ተንቀሳቀሰች። እኔም አየሁ፣ እሱም አየ። ሁለታችንም ተስፋ ማድረጉን ፈርተን እንዳላየን ሆንን።

ዳና ወደ ገሱባ መንገድ አልተመለሰም። ዛሬ መናኸሪያው ውስጥ ተራ ያስከብራል፤ ዝናብ ሲመጣ ከሚቲዎሮሎጂው ቀድሞ ወገቡ ይነግረዋል እያለ ሹፌሮቹን ያስቃል። እኔም የቴክኒክ መምህር ሆኜ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች አሞርዛተር አስተምራለሁ። ዘንጉን ሳቡ፣ ለኩ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ቀለበቱ እናወራለን እላቸዋለሁ።

ናሆምን ፎቶዎቹን ባሳየኝ ማግስት አገኘሁት። ከሁለቱ ፎቶዎች የትኛው እንደሚሻል አላውቅም፤ በፎቶ ማወቅ አይቻልም፤ መኪናህን ከሥር ገብቶ የሚያያት መካኒክ አለህ፣ እሱን ጠይቀው፣ ያለህንም ስማው አልኩት። ፊቱ ላይ ቅሬታ አየሁ። «እኔ እንኳ እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነበር» አለኝ። ያንን ቅሬታ መሸከም እስከ ዛሬ ይከብደኛል፤ ሰው በእኔ ላይ ያለው ግምት ዝቅ ሲል ማየት እንደ ልጅነቴ ያመኛል። አንድ ሰው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የነበረበት ፍርሃት ሲጎለምስ ይለቀዋል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔን አልለቀቀኝም። ብቻ አሁን ፍርሃቱ እያለ እናገራለሁ።

ናሆም አመስግኖኝ ሄደ። እኔም ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ዳናን ትዝታውን ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቀው «ጻፈው፤ የቆምኩበትን ቀን ግን እንዳትስት» ብሎኛል። አልስተውም። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምርኩዝ፣ ማንም ሳይደግፈው፣ ከአልጋው እስከ በራችን ሰባት እርምጃ የሄደው ጥር 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው።